ኢሜይሉ በማን እጅ ነው? በአሜሪካ ኑሮ ለሚጀምሩ ወገኖች

ከአገር ቤትም ሆነ ከዐረብ አገር ወደ አሜሪካ የሚመጡ አብዛኞቹ ወገኖቻችን ስማርት ስልክ መያዝ ከጀመሩ ዓመታት አልፏቸዋል። በቴሌግራም ዜና ይከታተላሉ፣ በኢሞ ከቤተሰብ ጋር ይነጋገራሉ፣ በዩቲዩብ ስብከትም ሙዚቃም ያዳምጣሉ። ስለዚህ ኢንተርኔት አያውቁም ማለት ትክክል አይደለም። የሚቸገሩት ኢሜይል ላይ ሲደርሱ ነው፤ እስከ ዛሬ ያለ እርሱ ኖረዋልና። እዚህ ግን ሥራ ለማመልከት፣ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት፣ ልጅ ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ ወይም የግሪን ካርድ ጉዳይ ለመከታተል የሚሞላው ፎርም ሁሉ ከስም ቀጥሎ የሚጠይቀው ኢሜይልን ነው። እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ አዲስ የመጡ ሰዎችን በዚህ ጉዳይ ሳግዝ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ኢሜይል መክፈት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ መከራው የሚመጣው የተከፈተው ኢሜይል በሌላ ሰው እጅ ሲቀር ነው።

«ኢሜይል የለኝም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ አላቸው። የአንድሮይድ ስልካቸውን ሴቲንግ ገብተን ጉግል የሚለውን ስንከፍት አንድ የጂሜይል አድራሻ ተቀምጦ እናገኛለን። ከፕሌይ ስቶር አፕ ለማውረድ የጉግል አካውንት ስለሚያስፈልግ፣ ስልኩን የሸጠው የሞባይል ቤት ልጅ እዚያው ቆሞ የከፈተው ነው። ስሙ የባለቤቱ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ የትውልድ ዘመኑ ጣቱ ያረፈበት ነው፤ የይለፍ ቃሉን ልጁ ራሱ በማግስቱ አያስታውሰውም። እንዲህ ያለውን አድራሻ ለመሥሪያ ቤትና ለባንክ ከመስጠት አዲስ መክፈት ይሻላል። የድሮውን ግን ወዲያው ከስልኩ ማጥፋት አያስፈልግም፤ የተቀመጡት ስልክ ቁጥሮችና ፎቶዎች መጀመሪያ ወደ አዲሱ መዛወር አለባቸው። በአይፎን ጉዳዩ ይከብዳል። የአፕል አካውንቱን የከፈተው ሌላ ሰው ከሆነና የይለፍ ቃሉ ካልታወቀ፣ ስልኩን ሪሴት ያደረገ ሰው ስልኩ ተቆልፎበት ሊቀር ስለሚችል፣ ከምንም ነገር በፊት ያ አካውንት የማን እንደሆነ ማጣራት ያስፈልጋል።

በዲቪ ለመጡት ደግሞ ታሪኩ ከዚያም ቀደም ብሎ ይጀምራል። የዲቪ ፎርም ኢሜይል ይጠይቃል፤ ፎርሙን የሞላው የኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ ወይም ደላላ ደግሞ አመልካቹ ኢሜይል ስለሌለው የራሱን ያስገባል። የዲቪ ውጤት የሚታይበት የማረጋገጫ ቁጥር የጠፋበት ሰው ቁጥሩን መልሶ ለማግኘት ሲሞክር ድረ ገጹ ከስምና ከትውልድ ቀን ጋር በፎርሙ ላይ የተሞላውን ኢሜይል ይጠይቀዋል። በዚህ ጊዜ ባለዕድሉ ስለ ገዛ ዕድሉ የሌላ ሰው ደጅ ጠኚ ይሆናል። ያንን ቁጥር መያዣ አድርጎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ መኖሩንም በዚህ መንገድ ያለፉ ሰዎች ያውቁታል።

አሜሪካ ከገቡ በኋላም ያው ነገር በቅን ልቦና ይደገማል። የተቀበለው ዘመድ ወይም ጓደኛ «እኔ ልክፈትልህ» ብሎ በራሱ ላፕቶፕ፣ በራሱ ስልክ ቁጥር፣ ራሱ በመረጠው የይለፍ ቃል ይከፍታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ዘመዱ ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ስቴት ይሄዳል ወይም ስልኩን ይቀይራል፤ ጂሜይል አዲስ ስልክ ባየ ቁጥር የሚልከው ኮድ ግን እሱ ጋ መሄዱን ይቀጥላል። ቀን ሥራ ላይ ያለ ሰው ደውሎ «የመጣልህን ቁጥር ንገረኝ» ማለት ሰልችቶት ጉዳዩን የተወ ሰው ጥቂት አይደለም። እርዳታ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ነገር ግን የሚረዳዎት ሰው ከጎንዎ ይቀመጥ፣ ስልኩን ይያዙት እርስዎ፣ ፊደሉንም የሚነኩት እርስዎ ይሁኑ። ቢዘገይም ይዘግይ።

ኢንተርኔቱን ለማግኘት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተርም ዋይፋይም በነጻ ይሰጣሉ፤ ዋይፋዩን ለመጠቀም መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው የለም። በእኛ አካባቢ በ2015 እ.ኤ.አ. በአዲስ ሕንፃ የተከፈተው የሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍትና በዋሽንግተን ዲሲ ያለው የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ለዚህ ምቹ ናቸው። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ፣ በተለይም ሜዲኬድ የተባለውን የመንግሥት የጤና መድን ወይም በተለምዶ ፉድ ስታምፕ የሚባለውን የምግብ ድጋፍ ለሚያገኙ ሰዎች፣ ላይፍላይን የተባለው የፌዴራል ፕሮግራም ከስልክ ወይም ከኢንተርኔት ክፍያ ላይ በወር እስከ 9 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይቀንሳል። ቀደም ሲል በወር 30 ዶላር ይከፍል የነበረው ሌላው የኢንተርኔት ድጎማ (አፎርደብል ኮኔክቲቪቲ ፕሮግራም) በ2024 እ.ኤ.አ. ስለተዘጋ፣ አሁንም በእርሱ ስም የግል መረጃ የሚጠይቅ መልእክት ቢደርስዎት አይመልሱለት። አንድ ነገር ልጨምር፤ በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ኢሜይል የከፈተ ሰው ሲጨርስ ሳይን አውት ብሎ ከአካውንቱ መውጣት አለበት። መስኮቱን መዝጋት ብቻ አይበቃም።

ወደ አከፋፈቱ ስንመጣ፣ ጂሜይልም ሆነ ያሁ ወይም አውትሉክ ሁሉም በነጻ ይሠራሉ፤ አንድሮይድ ለያዘ ሰው ጂሜይል ስለሚቀል እኔ እርሱን እመክራለሁ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ስም ነው። እኛ የቤተሰብ መጠሪያ የለንም፤ ፎርሙ ግን የመጨረሻ ስም ይጠይቃል። እዚህ ላይ በራስ ምርጫ ከመሙላት ይልቅ ግሪን ካርዱን ወይም ፓስፖርቱን አውጥቶ፣ በመጨረሻ ስምነት የተቀመጠው የአባት ይሁን የአያት ስም አይቶ፣ በዚያው አጻጻፍ ማስገባት ይገባል። ጸጋዬ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ ኢሜይሉ ላይ አንድ ዓይነት፣ የሥራ ማመልከቻው ላይ ሌላ ዓይነት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ ሦስተኛ ዓይነት ከሆነ ባለቤቱን ማስረዳት ውስጥ ይከተዋል። አድራሻው ራሱም ከስም የተሠራና አጭር ቢሆን፣ በስልክ ፊደል በፊደል ሲነግሩት አያስቸግርም። «ቆንጆ»ን፣ «ኪንግ»ን ወይም የእግር ኳስ ቡድን ስምን የያዘ አድራሻ በሃያ ዓመት ዕድሜ ያስቃል፤ ለሥራ ማመልከቻ ግን አይሆንም።

የትውልድ ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር መሆን አለበት። ኅዳር 12 ቀን 1978 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፎርሙ ላይ የሚያስገባው ኖቬምበር 21 ቀን 1985 ነው። ፓስፖርቱ ላይ የሰፈረው ቀን ከእውነተኛው ቢለይ እንኳ የሚሞላው የፓስፖርቱ ነው። የይለፍ ቃል ለጠፋበት ሰው የትውልድ ቀኑ አንዱ መለያው ሊሆን ስለሚችል፣ በግምት የተሞላ ቀን በኋላ ዋጋ ያስከፍላል።

ከሁሉም በላይ ልናስብበት የሚገባው ግን የስልክ ቁጥሩ ነው። ኢሜይል ሲከፈት ስልክ ቁጥር ይጠየቃል፤ ያ ቁጥር የይለፍ ቃል ሲረሳ ወይም ስልክ ሲጠፋ ወደ ኢሜይሉ የሚያስመልሰው መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ሲነሱ በ251 የሚጀምረውን ቁጥራቸውን ያስመዘገቡ ሰዎች ሲም ካርዱን ለእህት ወይም ለወንድም ሰጥተው ይመጣሉ፤ ወይም መሳቢያ ውስጥ ትተውት ይመጣሉ። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ በኋላ የእርስዎ የኢሜይል ኮድ የሚደርሰው የማያውቁት ሰው ስልክ ላይ ነው። ከዐረብ አገር የሚመጡት ችግር ደግሞ ይብሳል። በሳዑዲ ዐረቢያ ሲም ካርድ የሚመዘገበው በኢቃማ (በመኖሪያ ፈቃድ)ና በጣት አሻራ ነው፤ ብዙ የቤት ሠራተኞች የያዙት መስመር በሌላ ሰው ስም የወጣ ነው፤ ከአገሩ ሲወጡም ቁጥሩ እዚያው ይቀራል። ለዓመታት የተጠራቀመ ፎቶ፣ የሥራ ውል ቅጂ፣ የደመወዝ ማስረጃ የያዘ ኢሜይል በዚህ ምክንያት ሲዘጋ አይቻለሁ፤ የሚያስከፍተው ሰውም አልተገኘም።

አሜሪካ ያለው ቁጥርም ዘላለማዊ አይደለም። በቅድመ ክፍያ የሚሠራ መስመር የወሩ ሒሳብ ካልተከፈለ ይቋረጣል፤ በአገሪቱ ደንብ መሠረት ደግሞ ለዘለቄታው የተቋረጠ ቁጥር ከ45 ቀን በኋላ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ርካሽ ፓኬጅ ለማግኘት በየጊዜው ካምፓኒ የሚቀይሩ ሰዎች አዲስ ቁጥር ከማውጣት ይልቅ የያዙትን ቁጥር ይዘው መዛወር አለባቸው። ይህ መብታቸው ነው፤ ሻጩ ሳይጠየቅ አይነግራቸው ይሆናል እንጂ። ከአፕ የሚገኙ ነጻ ቁጥሮችም ለወሬ ይሆናሉ፤ ብዙ ባንኮች ግን ለኮድ መላኪያ አይቀበሏቸውም። ቁጥሩን የግድ መቀየር ካለብዎት፣ አሮጌው ሳይዘጋ ወደ ጉግል አካውንትዎ ገብተው አዲሱን ያስመዝግቡ። ጉግል ከለውጡ በኋላ ለ7 ቀን ያህል ኮዱን ወደ ቀድሞው ቁጥር መላክ ሊቀጥል ስለሚችል፣ አሮጌውን ሲም በለወጡበት ቀን አይጣሉት።

ከስልክ ቁጥር ጋር አብሮ መልሶ ማግኛ ኢሜይል ማስመዝገብም ይቻላል። ይህ የሌላ ሰው ኢሜይል ከሆነ የሚያምኑት ሰው ይሁን፤ ያ ሰው የቤትዎን ቁልፍ ቅጂ እንደያዘ ቁጠሩት። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔ የምወደው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) ከፍቶ የመጠባበቂያ ኮዶችን ማተም ነው። ጉግል 10 ኮዶች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ባለ 8 አኃዝ ሆኖ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። በወረቀት ታትመው ከፓስፖርቱ ጋር ቢቀመጡ፣ ስልክ ቢሰረቅም ሲም ቢጠፋም ሰውየው ኢሜይሉን ያገኘዋል። ይህን ወረቀት የሚያወጣ ሰው ግን እስካሁን ያየሁት በጣም ጥቂት ነው።

የይለፍ ቃልን በተመለከተ፣ ፎርሙ ቢያንስ 8 ፊደል ይላል እንጂ ከዚያ ቢረዝም ይሻላል። እርስ በርስ የማይገናኙ ሦስት ወይም አራት የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል አያይዞ መጻፍ ለባለቤቱ ቀላል፣ ለሌላው ከባድ የሆነ የይለፍ ቃል ያስገኛል። የታወቀ ተረትና ምሳሌ፣ የልጅ ስም፣ የገዛ ስልክ ቁጥርና የትውልድ ዓመት አይሆኑም። የባለሙያዎች ምክር ብዙ ጊዜ የይለፍ ቃል በወረቀት እንዳይጻፍ ነው፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ቢሮ ጠረጴዛ ላይ መለጠፍ ሌላ ነገር ነው። ቤት ውስጥ በተቀመጠ ደብተር የተጻፈ የይለፍ ቃል ግን፣ እንዳይረሳ ተብሎ በየቦታው ከሚደገመው «123456» እጅግ ይሻላል።

በአንድ ቤት ውስጥ ለባልና ለሚስት አንድ ኢሜይል ይበቃል የሚል ሐሳብም ይገጥመኛል። አይበቃም። የሥራ ማመልከቻዋ፣ የሐኪም ቀጠሮዋና የባንክ መልእክቷ በባሏ ስልክ ላይ የሚገቡላት ሴት፣ እሱ የአሥራ ሁለት ሰዓት ፈረቃ ላይ ሲሆን ጉዳይዋ ሁሉ አብሮ ፈረቃ ይገባል። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ሁሉ የየራሱ ይኑረው።

ኢሜይል ከተከፈተ በኋላ መከፈቱን መርሳትም የተለመደ ነው። ቴሌግራም ጮኾ ይጠራል፤ ኢሜይል ግን ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጣል። በዋሽንግተን አካባቢ ባሉት በደለስ (Dulles) ወይም በሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ያመለከተ ሰው የቃለ መጠይቅ ጥሪው ፕሮሞሽንስ በሚለው የማስታወቂያ ክፍል ወይም በስፓም (አጠራጣሪ መልእክት በሚጣልበት ክፍል) ውስጥ ገብቶ ቀኑ ሊያልፍበት ይችላል። ማመልከቻ ካስገቡ በኋላ ጠዋትና ማታ ዋናውን ሳጥን፣ ፕሮሞሽንስንና ስፓምን ሦስቱንም ማየት ያስፈልጋል። ቀጠሮ የያዘ መልእክት ሲደርስ ደግሞ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ቀኑ ነው፤ አሜሪካኖች ወርን ስለሚያስቀድሙ 03/04 ማለት ማርች 4 ነው፣ ኤፕሪል 3 አይደለም። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው፤ ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ብለው የጻፉት በእኛ 8 ሰዓት ሲሆን፣ ጠዋት 8 ያሉት በእኛ 2 ሰዓት ነው። አዲስ ከመጣ ሰው ጋር ቀጠሮ ስይዝ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌ እሰጠዋለሁ።

ቋንቋው ለከበደው ሰው የጉግል ትርጉም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛን ስለሚሠራ የመልእክቱን ሐሳብ ለመያዝ ይረዳል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች ብዙ መልእክቶችን በአማርኛ ያዘጋጃሉ። ነገር ግን ማሽኑ ማድረግ «ይችላሉ»ን እና «አለብዎት»ን ሊያምታታ ስለሚችል፣ የገንዘብ፣ የፍርድ ቤት ወይም የኢሚግሬሽን ጉዳይ ከሆነ ለሰው ማሳየት ይገባል። ያ ሰው ደግሞ የአሥር ዓመት ልጅዎ ባይሆን እመርጣለሁ። ልጆቻችን እንግሊዝኛውን ቶሎ ይይዛሉ፤ የእናታቸውን የምርመራ ውጤት ወይም የቤት ኪራይ ማስጠንቀቂያ ማንበብ ግን የልጅ ሸክም አይደለም።

አጭበርባሪዎች አዲስ መጪን ስለሚያውቁት ይህንንም ልጥቀስ። የዲቪ ዕጣ የደረሰው ሰው ውጤቱን የሚያየው ራሱ በአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ነው፤ «ዕጣ ደርሶዎታል፣ ገንዘብ ይላኩ» የሚል ኢሜይል የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ አይልክም። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም ክፍያ በጊፍት ካርድ ወይም በዌስተርን ዩኒየን አይቀበልም። የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች አድራሻ መጨረሻው ዶት ጎቭ ሲሆን፣ ስሙ ሲታይ መንግሥት መስሎ ሲነኩት የግለሰብ ጂሜይል ሆኖ የሚወጣ መልእክት የሌባ ነው። በስልክዎ የመጣልዎትን ኮድ «ላኪልኝ፣ ላክልኝ» የሚል ሰው፣ በጓደኛዎ ስምና ፎቶ ቢመጣ እንኳ፣ አይላክለትም። የጓደኛዎ አካውንት ቀድሞ ተሰርቆ ሊሆን ይችላል።

ስለ አጻጻፉ ብዙ አልልም። እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ ከጤና ጥያቄ እንጀምራለን፤ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ግን የሚያነበው የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ነው። ሙሉ ስም፣ የጉዳይ ቁጥር፣ የሚፈልጉት ነገር፣ ምስጋና፤ ይኸው ነው። የሚላክ ሰነድ ካለ በፎቶ ከመላክ ይልቅ በስልኩ ስካን አድርጎ ፒዲኤፍ ማድረግ ይሻላል። በአንድሮይድ የጉግል ድራይቭ አፕ፣ በአይፎን ደግሞ ኖትስ ይህን ይሠራሉ።

በሌላ ሰው እጅ ያለ ኢሜይል ይዘው የቆዩ ሰዎች አዲሱን ሲከፍቱ በቅድሚያ የሚቀይሩት በኢሚግሬሽንና በባንክ አካውንታቸው ላይ ያለውን ነው፤ የአሠሪና የልጆች ትምህርት ቤት ይከተላሉ። ወደ አሮጌው መግባት ከቻሉ እስከዚያው አይዝጉት፤ አልፎ አልፎም ይግቡበት፣ ጉግል ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንትን ሊሰርዝ ይችላልና። ግሪን ካርዱ ራሱ የሚመጣው በኢሜይል ሳይሆን በፖስታ ስለሆነ ደግሞ፣ ቤት የቀየረ ሰው ኢሜይሉ ያው ነው ብሎ ዝም ማለት አይችልም። በሕጉ መሠረት ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ አዲሱን የመኖሪያ አድራሻውን በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለበት፤ ይህንንም በራሱ ኢሜይል በከፈተው የመሥሪያ ቤቱ አካውንት ገብቶ ያለ ክፍያ ማድረግ ይችላል።